ልጅ ያልወለደችን እህት ምን እንበላት?

በልደታና አካባቢው በየቤቱ በሚደረጉ የጸሎት ኅብረቶች አዘውትረው ከሚነሱት ርዕሶች አንዱ የልጅ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ርዕሱን የምታቀርበው ሚስት ናት፤ ከጸሎቱ በኋላ ምክር የሚዘንበውም በእርሷ ላይ ነው። አንዱ "የዘር እርግማን አለብሽ" ይላታል፤ ሌላው "ያልተናዘዝሽው ነገር ይኖር ይሆን?" ይላታል፤ ሦስተኛው "መድኃኒቱን ተዪና በእምነት ቁሚ" ይላታል። ንግግሩ መንፈሳዊ ይመስላል፤ በቃሉ ሚዛን ሲመዘን ግን ቀልሎ ይገኛል ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ፈጣሪ አካላችንን እንዴት እንደሠራው እንመልከት። ከአንጎል ሥር ያለች፣ የአተር ፍሬ የምታክል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። እርሷ በሆርሞን አማካይነት ለኦቫሪ መልእክት ትልካለች። ኦቫሪም እንቁላል ያበስላል፤ ማህፀንን ለፅንስ የሚያዘጋጁትን ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮንም ያመነጫል። ይህ መልእክት ሲዛባ እንቁላሉ በጊዜው አይወጣም፤ የወር አበባም ይዘገያል ወይም ይቀራል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መዛባት ወይም ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ፕሮላክቲን መብዛት ይህን ሊያመጣ ይችላል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው ችግር ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ8 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑትን ያጠቃል፤ አብዛኞቹም እንዳለባቸው አያውቁም። እነዚህ ችግሮች በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ ሊታወቁ፣ ብዙ ጊዜም በመድኃኒት ሊታከሙ ይችላሉ። ታዲያ ሐኪም መርምሮ የሚያገኘውን ሕመም እርግማን ብለን የምንጠራው በማን ሥልጣን ነው?

"የሐናን ማህፀን የዘጋው እግዚአብሔር እንደሆነ ተጽፎ የለምን?" የሚሉን አሉ። አዎ፣ ተጽፏል (1ኛ ሳሙ. 1)። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ የሐና መካንነት ከኃጢአቷ እንደመጣ አልተነገረም። ያስቆጣቻትና ያስለቀሰቻት ፍናና ናት፤ እግዚአብሔር አይደለም። ኤልሳቤጥም መካን ነበረች፤ ሉቃስ ግን መካንነቷን ከመናገሩ በፊት እርሷና ባሏ በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደነበሩ ይመሰክራል (ሉቃ. 1)። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአተኛ ሲፈልጉም ጌታ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም (ዮሐ. 9)።

ሁለተኛው ነገር፣ ጉዳዩ የሚስት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ያጋጥመዋል፤ ምክንያቱም በወንዱ፣ በሴቷ ወይም በሁለቱም በኩል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንድሞች ሆይ፣ ሚስትህ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ስትንከራተት አንተ ቤት አትቀመጥ። አንድ ዓመት ሞክራችሁ ፅንስ ካልመጣ አብራችሁ ተመርመሩ፤ ሚስትህ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ከስድስት ወር በላይ አትቆዩ።

ሕክምናና ጸሎት ጠላቶች አይደሉም። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። በከተማችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ስለ እያንዳንዱ የሕክምና መንገድ ባልና ሚስት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ፤ የኅሊና ጥያቄ ካላቸውም ከእረኛቸው ጋር ይማከሩ። እየጸለዩ መድኃኒት መዋጥ የእምነት ማነስ አይደለም።

ደግሞም ተጸልዮላትና ታክማ ሳትወልድ የምትቀር እህት አለች። ለእርሷ ቀን ቆርጠን ትንቢት አንናገርላት፤ ቀኑ ሲያልፍ ከእግዚአብሔር ጋር የምታጣላት የእኛ ቃል ናትና። ጌታ በኢሳይያስ 56 ልጅ ለሌላቸው ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በቤቱ እንደሚሰጣቸው ተስፋ ሰጥቷል። የሴት ክብር በማህፀኗ ፍሬ ሳይሆን በክርስቶስ በሆነችው ማንነት ነው።

እንግዲህ ወገኖች፣ በሚቀጥለው ኅብረታችን ያቺ እህት የጸሎት ርዕሷን ስታቀርብ፣ "ለምን?" ብለን ከምንመረምራት አጠገቧ ተቀምጠን እንጸልይላት። ሐኪም ቤት የሚሸኛት ካጣችም እኛ እንሸኛት።

ጌታ ይባርካችሁ።