«አማካይ ፍጥነቴ 40 ነው»

ጋዜጠኝነት ዲፓርትመንት ስንመደብ ብዙዎቻችን «ተመስገን፣ ከፊዚክስ ተገላገልን!» ብለን ነበር። እኔማ የ9ኛ ክፍል የፊዚክስ ደብተሬን እናቴ በርበሬ እንድትጠቀልልበት ነው የሰጠኋት። ባለፈው ክረምት አገሬ ጎሮ ገብቼ ያየሁት ነገር ግን ያንን ደብተር አስመኘኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሮቤ የሚመጣ አንድ ሚኒባስ ከተማው መግቢያ ላይ የጎረቤታችንን ልጅ ገጭቶ እግሩን ሰበረው። ሹፌሩ ሽማግሌዎች ፊት ሲቀርብ «አባቶቼ፣ ከሮቤ 3 ሰዓት ወጣሁ፣ እዚህ 4 ሰዓት ተኩል ገባሁ። ኪሎ ሜትሩን ታውቁታላችሁ፣ አስሉት። በሰዓት 40 ነው የሚመጣው። 40 ፍጥነት ይባላል?» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ «እውነቱን ነው እኮ» አሉ። የልጁ እናት መልስ አልነበራትም። እኔም «ዩኒቨርሲቲ የገባው» ተብዬ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ቁጥሩ ትክክል ነበራ! ስህተቱ የት እንዳለ አላወቅኩም።

በኋላ ነው የገባኝ። አማካይ ፍጥነት ማለት ጠቅላላውን መንገድ ለጠቅላላው ጊዜ ማካፈል ነው። በዚያ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሻይ የተጠጣበት፣ ሰው የተጫነበት፣ ከብት እስኪያልፍ የተቆመበት ሁሉ አለ። ግማሽ ሰዓት ቆሟል እንበልና፣ ያንኑ መንገድ በቀረው አንድ ሰዓት የጨረሰው በአማካይ በ60 ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን ገና አማካይ ነው። ልጁን የገጨው ደግሞ አማካዩ ሳይሆን መኪናው በዚያች ቅጽበት የነበረው ፍጥነት ነው።

ይህን በደንብ የሚያሳየን የጎረቤታችን የአርሲ በቆጂ ልጅ ቀነኒሳ በቀለ ነው። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ 10 ሺህ ሜትሩን በ27 ደቂቃ ከ1.17 ሰከንድ ጨረሰ። ለ25 ዙር ሲካፈል አንዱ ዙር ወደ 65 ሰከንድ ይመጣል። የመጨረሻውን ዙር ግን የሮጠው በ53 ሰከንድ ገደማ ነው! አማካዩን ብቻ የሰማ ሰው ቀነኒሳ ተፎካካሪዎቹን የት ቦታ እንደጨረሳቸው በጭራሽ አያውቅም። (የሚገርመው ቬሎሲቲ የሚባለው አቅጣጫንም ስለሚቆጥርና ሯጩ 25 ዙር ሮጦ የተነሳበት መስመር ላይ ስለሚመለስ፣ የቀነኒሳ አማካይ ቬሎሲቲ ዜሮ ነው። አማርኛችን ሁለቱንም «ፍጥነት» ስለሚላቸው አስተማሪያችን ይህን ሲነግረን ስቀንበት ነበር።)

አክስለሬሽን ደግሞ ፍጥነት በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ነው። ፍሬን መያዝም አክስለሬሽን ነው፣ ፍጥነት የሚቀንስ። ፍሬኑ በየሰከንዱ 5 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 10 ሜትር ሄዶ ይቆማል። በ72 የሚሄደው ግን 40 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ እጥፍ፣ መቆሚያው አራት እጥፍ! ሹፌሩ ደንግጦ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ የሚሄደው ሳይቆጠር ነው እንግዲህ።

እኔ በበኩሌ ይህ የሳይንስ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ነገ የአደጋ ዜና የምንሠራው እኛ ነን። «ከመጠን በላይ በፍጥነት ሲያሽከረክር» ብለን እንጽፍና የቱ ፍጥነት፣ የት ቦታ፣ ማን ለካው ሳንል እናልፋለን። ሹፌሩ 40 ካለን 40 ብለን እንዘግባለን። ኮርሶቻችን ውስጥ አንድ ሳምንት እንኳ እንዲህ ላለው ሂሳብ ቢሰጥ ምን ይጎድላል?

ያን ቀን መጠየቅ የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ። ጎማው መንገዱ ላይ የተወው ጭረት ስንት እርምጃ ነበር? ሦስት ቀን ሙሉ እየረገጥኩት ወደ ገበያ ወርጃለሁ። በአራተኛው ቀን ዘነበ።