«ጎመን በጤና» ድሮ ቀረ እንዴ?

«ጎመን በጤና» ይሉን ነበር እናቶቻችን። ጮማው ቢቀር ጤና ይኑር ማለታቸው ነው። ዛሬ በአቃቂ ወንዝ ዳር የበቀለውን ጎመን ገዝቶ የሚበላ ሰው ይህን ተረት በድፍረት ይናገራል?

ነገሩን ላስረዳ። ለንደን ተቀምጦ የኢትዮጵያ ቡና የሚገዛ ሰው ገበሬው በየትኛው ማኅበር እንደታቀፈ፣ ኬሚካል አለመጠቀሙንና ተገቢ ዋጋ ማግኘቱን የሚያጣራበት መዝገብ አለው። በ1991 ዓ.ም የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን «ፌር ትሬድ» የሚባለውን ምስክር ወረቀት ይዞ ነው ቡናውን የሸጠው። በዘነበወርቅ ሰፈር ከአሮጌ ጎማ ጫማ መሥራት የጀመረው ሶልሬብልስም ተመሳሳይ ምስክርነት ይዞ ባሕር ማዶ ሸጧል። ፈረንጁ ማን ንጹሕ እንደሆነ በስም ያውቃል ማለት ነው።

እኛስ? ከደጃችን ያለው ነጋዴ ማን ንጹሕ፣ ማን በካይ እንደሆነ የምናይበት ማውጫ ወዴት አለ?

ነገሩ ቅንጦት አይደለም። ቆዳ ፋብሪካ ፀጉር ለማርገፍ ሰልፋይድ፣ ቆዳ ለማልፋት ክሮሚየም ይጠቀማል። ጨዋው ፍሳሹን ያጣራል፤ ለማጣሪያው ኬሚካል፣ መብራትና ሠራተኛ ይከፍላል። ዱርዬው ማታ ጠብቆ ወንዝ ላይ ይለቃል። ሁለቱም አንድ ገበያ ሲወጡ ገዢው ስለማይለያቸው ዱርዬው ረክሶ ይሸጣል፣ ጨዋው ይከስራል። ስም ካልተለየ ጨዋነት ኪሳራ ነው!

«ሕግ የለም» እንዳይባል ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችሁ ነው ይላል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጉዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤት እንዲል ፈቅዷል። በ2001 ዓ.ም የወጣው ደንብ ደግሞ ነባር ፋብሪካዎች እንዲያስተካክሉ 5 ዓመት ሰጣቸው። አምስቱ ዓመት ካለቀ ቆየ። ማን አስተካከለ፣ ማን ቀረ የሚል ዝርዝር ግን በአንድም ወረዳ በር ላይ ተለጥፎ አላየሁም። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ብጠይቅ «ከማን ተልከህ ነው?» ተባልኩ። ደብዳቤ አምጣ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው... የተለመደው ነው። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል ብል ማን ይሰማኛል!

«ታዲያ ማውጫውን መንግሥት ያዘጋጅልን» የሚል አይጠፋም። የለም፣ ይቅርብን! ባለሥልጣን እጅ ከገባ መዋጮ የከፈለው «አረንጓዴ»፣ ያጉረመረመው «በካይ» ይባላል። ለነጋዴዎችም ከተተወ ማስታወቂያ ይሆናል። መንግሥት የምርመራ ውጤቱን ይክፈት፣ ይበቃዋል። ዝርዝሩን እድሩ፣ የሸማቾች ማኅበሩና ጋዜጠኛው ያውጡት። በሌሊት ማን ቱቦውን እንደሚከፍት ከእድር ዳኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

መጠይቁም ቀላል ነው። ቆሻሻህን የት ትደፋለህ? ሠራተኛህን ስንት ሰዓት አሠርተህ ስንት ትከፍላለህ? የሸጥከው ዕቃ ሲበላሽ ትጠግናለህ ወይስ «ጣሉት» ትላለህ? መልሱ በዓይን ታይቶ የተረጋገጠለት ይመዝገብ። በየዓመቱ እንደገና ይታይ፤ የዋሸ ይሰረዝ።

እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ገጽ የምሰጠው ካርቶኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ላሳተመ ሀብታም አይደለም። ለመርካቶው ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ የተጣለ በርሜል ምድጃ፣ የተጣለ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። ቀጥሎ በየበሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ይጻፍ። ከዚያ ዘንቢል የሚሰፉት እናቶች። በ2017 ዓ.ም አዋጅ ፌስታል ተከለከለ ተባልን፤ ዘንቢል ሰፊዋን የት እናግኛት ብንል ግን የነገረን የለም። ከልካዩ ብዙ፣ ጠቋሚው ጥቂት!

የፋብሪካው ባለቤትም፣ ዝርዝሩን በመሳቢያ የቆለፈው ሹምም ማታ ቤታቸው ገብተው ጎመን ይቀርብላቸዋል። ከየትኛው ወንዝ እንደጠጣ እነሱም አያውቁም።

ልብ ያለው ልብ ይበል!