ክርስቲያን የሮክ ፌስቲቫል ቢሄድስ?



በተለይ በውጭ አገር ባደጉ ወጣቶቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ቅዳሜና እሑድን ይዞ የሚካሄድ የሮክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ መገኘት ለክርስቲያን ኃጢአት ነው ወይ? ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣቸዋል። አንዱ «ዓለማዊ ነው፣ አትሂድ» ይላል። ሌላው «ልብህ ንጹሕ ከሆነ ምንም የለውም» ይላል። ሁለቱም መልሶች አጫጭር ናቸው፤ ጠያቂውንም ከነጥያቄው ብቻውን ይተዉታል። በእኔ አስተያየት ከሙዚቃው ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ፌስቲቫሉ በሕይወታችን ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ነው። ምክንያቴን ልናገር።

ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሙዚቃ በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ተነሣ። ኪንግ ክሪምሰን፣ የስ፣ ጄነሲስ የተባሉት ባንዶች የተለመደውን የሦስትና የአራት ደቂቃ ዘፈን ትተው ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ የሚዘልቁ ሥራዎችን ሠሩ። ምቱ በአራት ብቻ ሳይሆን በአምስትና በሰባት ይቆጠራል። አድማጩም አብዛኛውን ጊዜ ከመጨፈር ይልቅ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። መንፈሳዊ ጥያቄም አይጠፋበትም። ጄነሲስ በ1972 ያወጣው «ሳፐርስ ሬዲ» ከዮሐንስ ራእይ የተወሰዱ ሥዕሎችን ይዟል። የስ በ1973 ያወጣው «ቴልስ ፍሮም ቶፖግራፊክ ኦሽንስ» ደግሞ የተነሣው ፓራማሃንሳ ዮጋናንዳ የተባለው የሂንዱ መምህር ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ካለ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ክርስቲያን ከጆሮው ጋር ማስተዋሉንም ይዞ መሄድ አለበት። ሐዋርያው ሁሉን እንድንፈትንና መልካሙን እንድንይዝ አዝዞናልና (1ኛ ተሰ. 5፥21)።

«ገላትያ 5፥21 ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራ ይቆጥረው የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ቃሉ ዘፋኝነት ተብሎ ተተርጉሟል። ሮሜ 13፥13ም ዘፈንን ከስካር ጋር አያይዞ ያነሣል። በሁለቱም ስፍራ ያለው የግሪክ ቃል «ኮሞስ» ነው። ኮሞስ በዚያ ዘመን እየጠጡ፣ እየጮኹ፣ በሌሊት መንገድ ለመንገድ እየዞሩ የሚደረግ የፈንጠዝያ ድግስ ነበር። ሐዋርያው የሚኮንነው ራስን መግዛት የጠፋበትን ይህን ድግስ ነው፤ ዜማን ወይም የሙዚቃ መሣሪያን ለብቻው አልኮነነም። ይህን ማወቅ ለሁሉም ወገን ትምህርት ይሰጣል። በልኩ ሆኖ ሙዚቃ የሚያዳምጠውን ሰው በዚህ ጥቅስ ብቻ ልንፈርድበት አንችልም። በሌላ በኩል አንድም ዘፈን ያልተዘፈነበት፣ ነገር ግን ስካርና ብልግና የሞላበት ግብዣ ከዚህ ቃል አያመልጥም። መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ የሚነግሥበት ፌስቲቫልም እንደዚሁ አያመልጥም።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚናገረው ራሱ አስገራሚ ነው። በገናና መለከት ለሚይዙ ሁሉ አባት የተባለው ዩባል ከቃየን ዘር ነው (ዘፍ. 4፥21)። ሆኖም እግዚአብሔር በገናን ከቃየን ወገን መጣ ብሎ አልጣለውም። ዳዊት ደረደረው፤ ሌዋውያንም በቤተ መቅደሱ አገለገሉበት። ወደ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ስንሄድ ደግሞ መሣሪያዎቹ ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል ስግደት ማወጃ ሆነው እናገኛቸዋለን። ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ሙዚቃው ሲነፋ በዚያው ሜዳ ቆመው ነበር፤ ድምፁንም ሰምተዋል። ወደ እሳቱ ያስጣላቸው ጉልበታቸውን አናጠፍም ማለታቸው ነው። እንግዲህ ራሳችንን የምንጠይቀው ዋና ጥያቄ «ጆሮዬ ምን ሰማ?» ብቻ መሆን የለበትም። «ጉልበቴ ለማን ተንበረከከ?» ብለንም እንጠይቅ።

ጉልበት ደግሞ የሚንበረከከው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ በልማድም ይንበረከካል። ወደ ዋናው ሐሳቤ የሚያመጣኝ ይህ ነው።

በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት ቤተልሔም የምትባል ከተማ አለች። ኒርፌስት የተባለው የታወቀ የፕሮግረሲቭ ሮክ ፌስቲቫል በ1999 የተጀመረው እዚያ ነው። ዋናው ዝግጅት ቅዳሜና እሑድ ነበር። ወዳጆቹ ከሩቅ አገር ሳይቀር ይመጡ፣ ባንዶቹን አንድ በአንድ ይሰሙ፣ በየዓመቱም እዚያው ይገናኙ ነበር። ተመሳሳይ ነገር የሚወድ ሰው አጠገብ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስደስት ማንም ያውቀዋል። ነገር ግን የ2011ዱ ዝግጅት ቲኬቱ በሚገባ ስላልተሸጠ ተሰረዘ፤ በ2012 የመጨረሻው ተካሄደና ፌስቲቫሉ አበቃ።

በዚያችው ከተማ ሌላም የሙዚቃ ታሪክ አለ። ቤተልሔምን የመሠረቷት ሞራቪያውያን የተባሉ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ናቸው። ስሟንም ያገኘችው በ1741 በልደት ዋዜማ ነው። እነዚህ ምእመናን ሙዚቃ እጅግ ይወዱ ነበር። ከ1754 ጀምሮ ትሮምቦን የሚነፋ የቤተ ክርስቲያን ጓድ አላቸው፤ ጓዱ ዛሬም አለ። በጥንቱ ልማዳቸው ከምእመናኑ አንዱ ሲሞት ትሮምቦኖቹ ከደወሉ ማማ ላይ ይነፉ ነበር። ለባለትዳሩ፣ ለመበለቲቱ፣ ለወጣቱ፣ ለሕፃኑ የየራሱ ዜማ ስለ ነበረው፣ የሰማ ሁሉ ከየትኛው ክፍል ሰው እንደ ተለየ ያውቅ ነበር። በትንሣኤ ዕለት ማለዳም እነዚያው መሣሪያዎች የጌታን መነሣት ያበሥራሉ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። የዕድር ጥሩምባ በማለዳ ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮውን ያቀናል፤ «ማን ሞተ?» ብሎ ይነሣል።

ወገኖቼ፣ በፌስቲቫልና በቤተ ክርስቲያን መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ፌስቲቫል ጥሩ ሙዚቃ ሊሰጥህ ይችላል። የወንድማማችነት ስሜትም ይሰጥሃል። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ባትመጣ ወንበርህን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ታምመህ ይሁን ሞተህ የሚጠይቅ የለም። ሸክምህን አይሸከምልህም፤ አንተም የማንንም ሸክም እንድትሸከም አይጠይቅህም (ገላ. 6፥2)። ደስ የሚለውም አንዱ ለዚህ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ታስቸግራለች። የማትወደው ሰው አጠገብህ ይቀመጣል። የታመመ ጠይቅ፣ ለልቅሶ ውጣ፣ ይቅር በል ትባላለህ። የዕብራውያን ጸሐፊ መሰብሰባችንን እንዳንተው ያሳሰበው እርስ በርስ እንድንመካከር ነው (ዕብ. 10፥25)። የፌስቲቫሉን ደስታ ቀምሶ «ቤተ ክርስቲያኔ ይህ ነው» የሚል ሰው ሙዚቃው ስላረከሰው አይደለም የምሰጋለት፤ በጭንቀቱ ቀን ጥሩምባ የሚነፋለት እንዳያጣ ነው።

ለእኛ ለመሪዎችና ለወላጆችም የሚደርሰን ድርሻ አለ። አንድ ወጣት ለሃያ ሦስት ደቂቃ ሙዚቃ በጸጥታ ተቀምጦ ለስብከታችን አሥር ደቂቃ መታገሥ ካቃተው፣ «ትዕግሥት የለውም» ብለን ማለፍ አንችልም። መዝሙረኛው በማስተዋልና በመልካም ሁኔታ እንድንደረድር ያዝዛል (መዝ. 33፥3)። ሳንለማመድ መድረክ ላይ እየወጣን «መንፈስ ይመራናል» የምንል ከሆነ፣ ወጣቶቻችን ትጋትን ከሌላ ቦታ ቢማሩ ለምን ይደንቀናል?

ተሰጥኦ ለጌታ ሲሰጥ ምን እንደሚመስል ከዚሁ ሙዚቃ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ኒል ሞርስ የተባለው አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ስፖክስ ቢርድ የተባለ የፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ መሪ ነበር። ጌታን ከተቀበለ በኋላ በ2002 ከባንዱ ለቀቀ፤ በ2003ም ምስክርነቱን «ቴስቲሞኒ» በተባለ ረጅም ሥራ አወጣ። ያንኑ የሙዚቃ ዓይነት አልተወውም። በ2007 ስለ ማርቲን ሉተር፣ በ2016 ደግሞ ከባንዱ ጋር ጆን ቡንያን ስለ መንፈሳዊው መንገደኛ በጻፈው ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ሠራ። ከ2014 ጀምሮም በቴነሲ በምትገኝ ክሮስ ፕሌንስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የራሱን የሳምንት መጨረሻ ፌስቲቫል ማካሄድ ጀመረ። በትምህርቱ ሁሉ እስማማለሁ ማለቴ አይደለም፤ ሁሉም ሰው የእርሱን መንገድ ይከተል ማለቴም አይደለም። ግን ትልቁን ጥያቄ ሳይሸሽ መልሷል፤ ይህ ስጦታ የማን ነው?

ለመሄድ የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን አስቡ። የምትሄዱበትን ለእናታችሁ ወይም ለሽማግሌያችሁ ሳትደብቁ መናገር ትችላላችሁ? የመጠጡና የዕፁ ግፊት ቢመጣ አብሯችሁ የሚቆም አማኝ አለ? መሄዳችሁ ከዚያ ዓይነት ሕይወት በቅርቡ የወጣ ወንድምን ያሰናክለው ይሆን (1ኛ ቆሮ. 8፥9)? እሑዱስ? አንድ እሑድ መቅረት ሰውን ከመንግሥቱ አያወጣውም። ነገር ግን በየበጋው ፌስቲቫል እየተከተለ ጉባኤውን የሚተው ሰው ጉልበቱ ወዴት እንዳዘነበለ ራሱን ይመርምር።

የቅዳሜውን ሰምታችሁ እሑድ ጠዋት ተነሡና በአቅራቢያችሁ ያለ ጉባኤ ፈልጉ። መዝሙሩ በአራት ምት ብቻ የሚሄድ፣ ኪቦርዱም ትንሽ የሳተ ሊሆን ይችላል። እዚያ ግን ስማችሁን የሚጠይቅ ሰው ታገኛላችሁ።

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን። አሜን።