ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ኮምፒውተር ይቀብረዋል!

ለመሆኑ «ኃይሉ» የሚለው ስም በስንት ዓይነት ይጻፋል? ልቁጠርላችሁ፦ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሓይሉ፣ ኀይሉ፣ ኃይሉ። ስድስት! «ፀሐይ» ደግሞ በሁለቱ «ጸ» እና በስድስቱ «ሀ» ስትባዛ 12 ትሆናለች። ለጆሮ ግን ያቺው አንዲት ፀሐይ ናት።

እንግዲህ የየጥኖራው ገበሬ ኃይሉ የመሬት ይዞታው በኮምፒውተር ተመዘገበ እንበል። ጸሐፊው እንደ ልማዱ «ሃይሉ» ብሎ መታው። በዓመቱ ሌላ ጸሐፊ «ኃይሉ» ብሎ ይፈልገዋል። ሶፍትዌሩ የሆሄውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ከሆነ መልሱ «የለም» ነው። ጸሐፊው ዝርዝሩን በዓይኑ ልፈልግ ቢልም ችግር ነው፤ በሁለቱ መካከል እነ ለማ፣ እነ መኮንን፣ እነ ሰሎሞን፣ እነ በላይ፣ እነ ተሰማ ተሰልፈዋል። ከዚያማ የታወቀ ነው፤ «ማስረጃ አምጣ!» እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ እያነጋገርኳቸው «እርስዎ የሉም» ተብያለሁ። ጉድ እኮ ነው!

ምስጢሩ ይኸውላችሁ። ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ተራው ሀለሐመ ስለሆነ «ሀ» መጀመሪያ፣ «ሐ» ከ«ለ» ቀጥሎ፣ «ኀ» ደግሞ ከ«ቸ» በኋላ ተቀመጡ። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ይህን የቁጥር ተራ የአማርኛ ሥርዓት አድርገው ሥራ ላይ የሚያውሉት አለቆች ነው።

«እንግዲያው ትርፍ ሆሄያትን እንጣል» የሚሉ አሉ። ቀስ በሉ እንጂ! «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። በቅኔ አገር በጎጃም ይህን ልዩነት ጣሉ ብሎ ማን ደፍሮ ይናገራል? ደግሞስ ዛሬ ቢጣሉ እስከ አሁን የተመዘገበው ስም ምን ይዋጠው?

የፊደል ተራ ከሰማይ አልወረደም። ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላታቸውን የደረደሩት በአበገደ ነው። ጀርመኖች ሁለት ነጥብ ያረፈባትን የላቲን «ኦ» በመዝገበ ቃላት ከተራዋ «ኦ» ጋር ያስቀምጧታል፤ ስዊድኖች ግን የፊደላቸው መጨረሻ ያደርጓታል። ኮምፒውተሩም እንደየቋንቋው ይታዘዝላቸዋል። የእኛን ማን ይዘዘው?

የምንጠይቀው ተራራ ግፉ አይደለም። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይታይ። ሲፈለግና ሲደረደር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በመጀመሪያ እንደ አንድ ይቆጠሩ፤ ስሞቹ እኩል ሲመጡ ብቻ ሆሄው ይለያቸው። በደረጃ መደርደር ዓለም የሚሠራበት ዘዴ ነው። መሥሪያ ቤቶችም ሶፍትዌር ሲገዙ ይህን በውላቸው ያስገቡ!

እስከዚያው አንዱ ኃይሉ በየጥኖራም፣ በቢቸናም፣ በሞጣም በስድስት ቦታ ተበታትኖ ይኖራል። ግብር ክፈል ሲባል ግን አይጠፋም!