ስም ብቻ የቀረው ዘውድ

«አገር የሚጸናው ንጉሥ ከንጉሥ ሲወለድ ነው» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ ነጌሌ ቦረና ሻይ ቤት ተቀምጠን። እኔ ግን የዘር ሐረግ ዘውድን ያቆያል እንጂ ሥልጣንን አያቆይም ባይ ነኝ። ማስረጃ ለሚለኝ ከሩቅ እጀምራለሁ።

ዛሬ ፈረንሳይ በምንለው ምድር የሜሮቪንጂያን ዘር የነበረው ክሎቪስ በሰይፉ ግዛት አስፍቶ፣ ክርስትና ተነሥቶ፣ በ511 እ.ኤ.አ. ሲሞት አራት ልጆቹ መንግሥቱን ተካፈሉት። ወንድማማች ሲፋጅ ውሎ አድሮ ሥራው ከቤተ መንግሥቱ አዛዦች እጅ ገባ። ንጉሡ የዘሩ ምልክት የሆነውን ረጅም ጠጉሩን አጎፍሮ ይቀመጣል፤ ጦሩም ግብሩም የአዛዡ ነው። በመጨረሻ አዛዡ ፔፒን ንጉሥ መባል የሚገባው ስም ያለው ነው ወይስ ሥልጣን ያለው ብሎ የሮማውን ጳጳስ ዘካርያስን አስጠየቀ። መልሱ ወደ እሱ አደላ። በ751 ንጉሥ ሺልዴሪክ ጠጉሩን ተላጭቶ ገዳም ገባ።

የፈረንጅ ተረት ነው የሚል ካለ ጎንደርን ያስታውስ። አፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ከተገደሉበት ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው እስከነገሡበት እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ ሰሎሞናዊው ዘር አልጠፋም፤ ሥራው ግን ጠፋው። እነ ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ያዝዛሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ተቀምጠው ስማቸውን ያበድራሉ። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወረዱ። «ፍጻሜ መንግሥት» የተባሉት ያለ ነገር ነው?

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሲናገር የተቀመጠበትን አገር ዘንግቶታል። ቦረና ውስጥ አባ ገዳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ሥልጣናቸውን ያስረክባሉ። በየስምንት ዓመቱም በጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕግ ይመከራል። እንከን የለሽ ነው አላልኩም፤ ልደት በገዳም አለበት፤ የልጅ ምድብ ከአባቱ 40 ዓመት ዘግይቶ ነው ሥልጣን ላይ የሚደርሰው። ሴቶችም ከወንበሩ ርቀው ኖረዋል። ነገር ግን ሥልጣን ቀን እንዳለው ያውቃል። ይህን ደግሞ ሜሮቪንጂያኖችም ጎንደርም አላወቁትም።

ጠቤ ግን ከወዳጄ ጋር ብቻ አይደለም። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. ገዳን ከመዘገበ ወዲህ አወዳሹ በዝቷል። በየአዳራሹ አባ ገዳዎች ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ መርቀው ይከፍታሉ፤ ይጨበጨባል። ከዚያስ? የግጦሹና የውሃው ነገር ሲቆረጥ ማን ይጠየቃል? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ የቦረና ከብት ሲረግፍ ያየ ሰው፣ በየኤላው የማጠጫውን ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ጌጥ እንዳልሆነ ያውቃል።

እንግዲህ ገዳን የምታወድሱ ሁሉ፣ ከምርቃቱ ጋር ውሳኔውንም ስጡት። አለዚያ ያከበራችሁት መስሏችሁ ሺልዴሪክ እያደረጋችሁት ነው፤ ጠጉሩ ረጅም፣ እጁ ግን ባዶ።