ጉድ በል ጎንደር! «ቼ በለው»ን ማን ሁለተኛ አደረገው?

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ክርክር ገጥመን ነበር፡፡ አትደንግጡ፣ ስለ ፖለቲካ አይደለም፡፡ ስለ ዘፈን ነው፡፡ ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙትን «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ በስልክ ከፍተን «ከውስጡ የትኛው ይበልጣል?» ተባባልን፡፡ ድምፃዊ የለበትም፤ መሣሪያ ብቻ ነው፡፡

ሁለቱም ጓደኞቼ በአንድ አፍ «ሙዚቃዊ ስልት!» አሉ፡፡

«ለምን?»

«ፈረንጆቹ የሚጫወቱት እሱን ነዋ!»

ጉድ በል ጎንደር! የገዛ ዘፈናችንን ደረጃ የሚያወጣልንም ፈረንጅ ሆነ ማለት ነው? እልህ ያዘኝና የራሴን ደረጃ አወጣሁ፡፡ እነሆ፣ እናንተም ፍረዱ፡፡

አራተኛ፣ «ሎሚ ተራ ተራ»፡፡ ዜማውን የሚያውቅ ሰው ግጥሙን ራሱ በሆዱ ይሞላዋል፡፡ ኦርጋኑ ይጀምራል፣ አድማጩ ይጨርሳል፡፡ አራተኛ ያልኩት ስለሚያንስ አይደለም፤ ከሱ የሚበልጡ ሦስት ስላሉ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ «እቲ ጓል ብሌናይ»፡፡ ስሙ ትግርኛ ነው፡፡ የአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ሙዚቀኞች ከ«ሎሚ ተራ ተራ» ጋር በአንድ ሸክላ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡት፡፡ ማንም «ይሄ የማነው?» ብሎ አልጠየቃቸውም፡፡ ዛሬ ዘፈንና ጭፈራ ሳይቀር መታወቂያ በሚጠየቅበት አገር ይህን ስሰማ ልቤ ይነካል፡፡ ተከዜ በዚያ ሸክላ ላይ ድንበር አልነበረም፡፡

ሁለተኛ፣ «ሙዚቃዊ ስልት»፡፡ የግርማ በየነ ድርሰት ነው፡፡ ዓለምን የዞረው እሱ መሆኑ እውነት ነው፡፡ ኒውዮርክ ያሉ «ዳክታሪስ» የተባሉ ሙዚቀኞች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት አልበማቸው ተጫውተውታል፡፡ ግሩም ሥራ ነው፣ አልክድም፡፡ ሆኖም አንደኛ የሆነው እኛ መርጠነው ሳይሆን ሌላው መርጦልን ከሆነ፣ ምርጫው ምርጫ አይባልም፡፡ እንዲህ ያለውን ምርጫ ደግሞ በሌላውም ነገር ለምደነዋል!

አንደኛ፣ «ቼ በለው»፡፡ ከዳባት ወይም ከደባርቅ ገበያ በበቅሎ የሚመለስ ደገኛ «ቼ!» ሲል የሰማ ሰው ይገባዋል፡፡ ዋልያሶች ያንን የአገር ቤት ግልቢያ አንስተው ኦርጋን፣ ጥሩምባና ሳክስፎን ጫኑበት፡፡ ዳሩ ግን በቅሎው በቅሎ ነው፤ አልተለወጠም፡፡ ዘመናዊ ለመሆን የራስን መጣል እንደማያስፈልግ ከዚህ ዘፈን የበለጠ ያስረዳኝ መምህር የለም፡፡

ይህን ስደሰኩር ከጎናችን ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ጣልቃ ገቡ፡፡

«ልጄ፣ ያ ሸክላ የወጣው መቼ ነው አልክ?»

«በ1977 ነው ጋሼ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር፡፡»

ጋሼ ዝም አሉ፡፡ ዘመኑን የኖረ ጎንደሬ ይህን ቁጥር ሲሰማ ዝም ነው የሚለው፡፡ ቀይ ሽብር ነው፡፡ ሻለቃ መላኩ ተፈራ ጎንደር ላይ የነገሠበት፣ እናት የልጇን ሬሳ ያለቀሰችበት ዘመን ነው፡፡

«ያኔ ቃል ያስገድል ነበር» አሉ ጋሼ በመጨረሻ፡፡ «ግጥም ብትገጥም ማንን ነው የነካኸው ትባላለህ፡፡ መሣሪያ ግን ምን ተብሎ ይከሰሳል? እኛ ዘፈኑን እየሰማን ግጥሙን በየሆዳችን እንገጥም ነበር፡፡»

ጓደኞቼም እኔም ጸጥ አልን፡፡

እንግዲህ ያንን ጭንቅ ዘመን ያሻገሩን ሙዚቀኞች ምን አተረፉ? ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ትርዒት ሲያሳይ አራቱ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኒስቱ ሞገስ ሀብቴና ቤዝ ጊታሪስቱ መላከ ገብሬ፡፡ ኃይሉ ዋሺንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፡፡ ተሳፋሪ ሲያጣ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር፡፡

ከዚያስ ማን አስታወሰው? እኛ እንዳይመስላችሁ! አንድ አሜሪካዊ የካሴት አሳዳጅ ባሕር ዳር ካሴት ቤት ገብቶ የኃይሉን አሮጌ ካሴት አገኘ፡፡ ባሕር ዳር! ከኛ የሦስት ሰዓት መንገድ! ያንን ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013፣ «ቼ በለው»ን ደግሞ በ2014 እንደገና አሳተማቸው፡፡ ኃይሉም ከስንት ዓመት በኋላ በዓለም መድረክ ተቀመጠ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ፡፡ ፈረንጁን አልወቅሰውም፣ እግዜር ይስጠው፡፡ የምወቅሰው በዚያ ካሴት ቤት ደጃፍ በየቀኑ ያለፈውን ነው፡፡ ያለፈውም እኛ ነን፡፡

ዛሬም ሬዲዮ ክፈቱ፡፡ ማስታወቂያው ሥር፣ ስፖርቱ መግቢያ ላይ፣ ሰዓት መሙያው ላይ እንዲህ ያለ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ዜማ ትሰማላችሁ፡፡ «የተጫወተው እገሌ ነው» የሚል አንድ ጋዜጠኛ ሰምታችኋል? ማጀቢያ ነዋ! ማጀቢያ ደግሞ ስም የለውም፡፡ አገሪቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አላት፤ ከያኒውም መብት እንዳለው ይናገራል፡፡ አዋጁ በመደርደሪያ፣ ሙዚቀኛው በታክሲ ወንበር!

እኛም ብንሆን ከሬዲዮው አንሻልም፡፡ ማታ አዝማሪ ቤት ስንገባ አዝማሪው ስማችንን ጠይቆ፣ በመሰንቆው አሽሞንሙኖ ያወድሰናል፡፡ ብር እንሸልመዋለን፣ አጨብጭበን እንወጣለን፡፡ የሱን ስም የምንጠይቅ ግን ስንቶቻችን ነን? እኔ ራሴ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልጠየቅሁም፡፡

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው፡፡ ሬዲዮኖች ሆይ፣ ዜማውን ስታሰሙ የተጫዋቹን ስም ጥሩ፡፡ በጀት አይጠይቅም፣ ስብሰባም አያስፈልገውም፡፡ አንባቢዎቼም «ቼ በለው»ን ከፍታችሁ የራሳችሁን አንደኛ ምረጡ፡፡ «ሙዚቃዊ ስልት» ብትሉም አልቀየማችሁም፤ ብቻ በገዛ ጆሯችሁ ይሁን፡፡

ጋሼ ሲነሱ ሒሳባችንን ከፈሉልንና ወደ ስልኩ ጠቆም አድርገው «እስኪ ያንን የበቅሎውን ድገመው» አሉኝ፡፡ እንደ ቆሙ እስከ መጨረሻው አዳመጡት፡፡

በሆዳቸው ምን እንደገጠሙ አልጠየቅኋቸውም፡፡