ዕፅ አዘዋዋሪውና ቃለ ጉባኤው

በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ የዕፅ ነጋዴዎች ስብሰባ ተቀምጠዋል። ኮሌጅ ገብቶ ኢኮኖሚክስ የቀመሰው ስትሪንገር ቤል፣ ስብሰባው እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት በሥነ ሥርዓት እንዲመራ ወስኗል። ሳያስፈቅዱ መናገር የለም። ድንገት አንዱ የራሱ ሰው አቀርቅሮ ሲጽፍ ያየዋል። ምንድን ነው የምትጽፈው ሲለው፣ ደንቡ የሚያዘው ቃለ ጉባኤ ነዋ! ስትሪንገር ወረቀቱን ይነጥቀዋል፤ የወንጀል ሴራ በጽሑፍ ይያዛል እንዴ?

ይህ «ዘ ዋየር» ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 በኤችቢኦ ጣቢያ በ5 ምዕራፍና በ60 ክፍል የቀረበ የወንጀል ድራማ። አንድም የኤሚ ሽልማት ሳያገኝ አልቋል፤ የሚያሳፍረው ለሸላሚዎቹ ነው። ወቅታዊ ጉዳይ የሚከታተል ሰው ሌላ ተከታታይ ድራማ ባያይ እንኳ ይህን ሊያየው ይገባል።

ፈጣሪው ዴቪድ ሳይመን የባልቲሞር ሰን ጋዜጣ የወንጀል ዘጋቢ ነበር። አብሮት የጻፈው ኤድ በርንስ ደግሞ የዚያው ከተማ ፖሊስ መርማሪ፣ ኋላም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር። ለዚህ ነው ቀልዱ ቢሮ ውስጥ የኖረ ሰው ቀልድ የሚመስለው።

ወንጀለኞቹ እንደ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሒሳብ ያጭበረብራል። የፖሊስ አዛዦች አለቆቻቸው ፊት ቆመው በቁጥር ይፋጠጣሉ፤ ወንጀል ካልቀነሰ ወንበር የለም። ወንጀሉን መቀነስ ከባድ ነው፣ ቁጥሩን መቀነስ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ። ከባዱ ድብደባ ቀላል ተብሎ ይመዘገባል፣ ከንቲባውም ደስ ይለዋል።

በአራተኛው ምዕራፍ ሳቁ እየመረረ ይመጣል። ፖሊስነቱን የለቀቀው ፕሬዝ የሒሳብ መምህር ሆኗል። ለፈተና የሚመጣውን ብቻ አስጠና ተብሎ ሲታዘዝ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ያው የድሮው ሪፖርት ማሳመር ነው፤ አሁን ግን ቁጥሩ ሥር የሚቀበሩት ልጆች ናቸው። ከፊቱ የተቀመጡት አራት ጓደኛሞች መጨረሻቸው ምን እንደሚሆን እዚህ መናገር ነውር ነው። ዱኪ የሚባለው ልጅ ንጹሕ ልብስ የለውም፤ ፕሬዝ ያጥብለታል። ይህ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይገባም።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ክፍሎች ይጎተታሉ። የሰፈሩ እንግሊዝኛ ስለሚከብድ ከሥር የሚጻፈውን ከፍቶ ማየት ይሻላል። አምስተኛው ምዕራፍ ከሌሎቹ ይደክማል። ስድቡና ደሙ ብዙ ነውና ልጆች ባሉበት አይከፈት።